አረጋዊ ልቡና በምርመራ ፊት፦ የመርሳት ሕመም ታሪክ ከምኒልክ ዘመን እስከ ኮተቤና ገርጂ

ምሥራቃዊው የአዲስ አበባ ክፍል፣ ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂና በመገናኛ አልፎ እስከ ኮተቤና እስከ አያት የሚደርሰው፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻና ከግጦሽ መሬትነት ወደ ፎቅና ወደ ኮንዶሚኒየም ከተማነት የተለወጠ እንደ መሆኑ መጠን፣ ልጆች ከየክፍለ ሀገሩ አምጥተው ያስጠጓቸውን አባቶችና እናቶች በብዛት አስጠልሎ ይገኛል። ከእነዚህም አረጋውያን መካከል የገዛ ልጃቸውን ስም የሚዘነጉ፣ ከደጃፍ ወጥተው መመለሻው የሚጠፋባቸው፣ ሌሊቱን ቀን መስሏቸው ለጉዞ የሚነሡ አሉ። ስለዚህ ሕመም የሚነገረው ታሪክ ግን በየቁራሹ የተበተነ ነው፤ አንዱ አልዛይመር የሚባለውን ስም ሰምቷል፣ ሌላው ስለ መቄዶንያ የአረጋውያን ማዕከል ያውቃል፣ ሦስተኛው እናቱን ለአንጎል ምርመራ ወደ ገርጂ ወስዷል። ቁራሾቹን በዘመን ቅደም ተከተል ለማጋጠም የተነሣሁት፣ በታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ስለ ታየኝ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር የኖረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዘመን ያየው በእጁ በያዘው መሣሪያ ልክ ብቻ መሆኑ፣ መሣሪያውም አረጋዊውን ሳያስብ በተሠራ ጊዜ አረጋዊው ከመዝገብ ውጭ መቅረቱ ነው።

ከ1888 ዓ.ም. በፊት፦ ሐኪም ሳይመጣ

በቀድሞው ዘመን ለእርጅና የሚበቃው ሰው ጥቂት ነበረ፤ የበቃውም በልጅ ልጆቹ መካከል ተቀምጦ ይመርቃል፣ ይጦራል፣ ይከበራል እንጂ ገንዘብ ቁጠር፣ ደብዳቤ ጻፍ፣ ቀጠሮ አክብር የሚለው አልነበረም። የመርሳት ሕመም ግን መጀመሪያ የሚገለጠው ሰው አዲስ ነገር እንዲያስብና እንዲያቀናጅ በሚጠየቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ምንም በማይጠየቅ አረጋዊ ላይ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ መቆየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። መዘንጋቱም የዕድሜ ዕጣ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አረጋዊው መጠራጠር፣ መቆጣት፣ ያልነበረ ሰው ማየት ሲጀምር ብቻ ነገሩ ወደ ካህኑና ወደ ጸበሉ ይወሰዳል።

ይህ አኗኗር ሕመሙን ቢሸፍንም ሕመምተኛውን አልጣለም ነበር። ከቤቱ ወጥቶ የጠፋውን አባት መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቀው እጁን ይዞ የሚመልሰው አያጣም፤ ዛሬ በአሥረኛ ፎቅ ላይ በር ተቆልፎባቸው የሚውሉትን ሳስብ፣ ያ መንደር ያደርገው የነበረውን ጥበቃ ምን ሊተካው እንደሚችል ገና አልተመለሰልኝም።

ከ1894 እስከ 1906 ዓ.ም.፦ ፍራንክፈርትና አዲስ አበባ

በኅዳር ወር 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1901) በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ባሏን ያለ ምክንያት ትጠረጥር፣ ዕቃ ያኖረችበት ይጠፋት፣ ስሟን እንኳ ጀምራ መጻፍ ይሳናት ነበር። የመረመራት ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ጥያቄዎቹንና መልሶቿን እየተከታተለ በመዝገብ ጻፈ፤ እርሱ ወደ ሙኒክ ከተዛወረ በኋላም እንኳ ነገሯን ሳይረሳ ቆይቶ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ስታርፍ አንጎሏን አስመጥቶ በብር ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ሁለት ነገር አየ፤ በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ ባዕድ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱም ውስጥ የተወሳሰበ የክር ትብትብ። ይህንንም ጥቅምት 24 ቀን 1899 ዓ.ም. በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ተናገረ፤ የሰማው ጉባኤ ብዙም አልተገረመበትም። በ1910 እ.ኤ.አ. ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የታሰበው በእርጅና ዕድሜ ሳይሆን በጎልማሳነት የሚመጣ ብርቅ ደዌ ተደርጎ ስለ ሆነ፣ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መዘንጋት ከዚህ ስም ውጭ ቀረ። ይህ አለመግባባት ስድሳ ዓመት ያህል ዋጋ አስከፍሏል።

በዚያው 1906 እ.ኤ.አ. ዋሰርማን የተባለው ሊቅ ቂጥኝን በደም የሚለይ ምርመራ አወጣ፤ በጊዜው የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከሞሉት ሕሙማን ብዙዎቹ አንጎላቸው በቂጥኝ የተጠቃ ነበሩና፣ አእምሮን ከሚያጠፉ ደዌዎች አንዱ በደም ጠብታ ተለይቶ መታወቅ እንደሚችል ይህ ምርመራ አሳየ።

በእኛ ዋና ከተማም በእነዚሁ ዓመታት የአንጎል ሕመም የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በአንጎል ደም ሥር ሕመም እየተደጋገሙ ተመትተው፣ በተለይም በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የወደቀባቸው ብርቱ ሕመም ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን ስለ ያዘው፣ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ መንግሥቱ በእንደራሴና በወራሹ በልጅ ኢያሱ ስም ይመራ ነበር። ከውጭ የመጡ ሐኪሞችም በሕመሙ ምክንያት ላይ ተለያዩ፤ አንዱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥቼ የንጉሠ ነገሥቱን የልቡና ሁኔታ በዚህ ወይም በዚያ የሕመም ስም ልጠራው አልደፍርም። ነገር ግን የአንጎል ደም ሥር መዘጋትና መፍሰስ፣ ከአልዛይመር ቀጥሎ ዛሬ ዋነኛው የመርሳት ሕመም ምክንያት መሆኑን ስናውቅ፣ የያን ጊዜው ሐኪም ልብን ከማዳመጥና ሽባነቱን ከመመልከት በቀር በራስ ቅል ውስጥ ያለውን የሚያይበት ምንም ብልሃት እንዳልነበረው ማስተዋል ይገባናል። በየካ በኩል የሚገኘው፣ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል የቆመው በእነዚሁ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ከእርሱ በፊት ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ነበረ።

ከ1846 እስከ 1976 ዓ.ም.፦ የክሩ ምሥጢር

እዚህ ላይ አዲስ አበባን ለጊዜው ትተን፣ አልዛይመር ያየው ዝቃጭና ክር ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት የደረሱበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል፤ ዛሬ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና።

በ1854 እ.ኤ.አ. ሩዶልፍ ፊርኾ በአንጎል ውስጥ ያገኘውን ጠጣር ነገር በአዮዲን ነክሮ እንደ ስታርች ሰማያዊ ሲሆን ስላየው አሚሎይድ ብሎ ጠራው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚገኘው ይህን መሰል ክምችት ፕሮቲን መሆኑን ፍሪድራይክና ኬኩሌ አስረዱ። ፕሮቲን ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ራሱ ገና ግልጽ አልነበረም። በ1920 እ.ኤ.አ. ሄርማን ሽታውዲንገር፣ ጎማም ጥጥም ፕሮቲንም እጅግ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች በጽኑዕ ማሰሪያ ተያይዘው የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ማለት ፖሊመሮች ናቸው ብሎ ሲያስተምር፣ ከዘመኑ ኬሚስቶች ብዙዎቹ ሳያምኑት ቀሩ፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው።

ሽታውዲንገር ሰንሰለት መሆኑን ካስተማረ በኋላ፣ የቀረው ጥያቄ ሰንሰለቱ እንዴት እንደ ተጣጠፈ ማወቅ ነበረ። ዊሊያም አስትበሪ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የሱፍን ክር በኤክስሬይ ሲመረምር የኖረ ሊቅ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ወስዶ ስቦ በኤክስሬይ ቢያየው፣ የፕሮቲኑ ሰንሰለቶች በክሩ ርዝመት ሳይሆን በክሩ ወርድ ተጋድመው የተደረደሩ ሆነው አገኛቸው። በወቅቱ ይህን ከእርጅና ጋር ያገናኘ አልነበረም። ነገር ግን በ1968 እ.ኤ.አ. ኢንስና ግሌነር አሚሎይድን በዚያው ኤክስሬይ ቢመረምሩት ያው ድርድር ተገለጠላቸው። እንጀራ በሌማት ላይ አንዱ በአንዱ እንደሚነባበር፣ የፕሮቲን ቁራሾቹም 0.47 ናኖሜትር ያህል እየተራራቁ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ረጅም ክር ይሠራሉ፤ አንድ ጊዜ ክሩ ከተጀመረ አዲሱን ቁራሽ ወደ ራሱ ቅርጽ እየሳበ ያድጋል፣ የሰውነትም መፍጫ ሊበትነው ይቸገራል። ጤነኛ ሆኖ ይሟሟ የነበረው ነገር የማይሟሟ የሚሆነው በቅርጹ መለወጥ ምክንያት መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ታሪክ ታላቁ ግኝት ነው።

በዚሁ በ1968 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮት ያረፉ አረጋውያንን አንጎል መርምረው፣ የዝቃጩ ብዛትና በሕይወት ሳሉ የታየው የመርሳት ጽናት እንደሚዛመዱ አሳዩ። በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን፣ የጎልማሳው ብርቅ ደዌና የሽማግሌው መዘንጋት አንድ ሕመም ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ክሬፔሊን የለያያቸው በዚህ ተገናኙ። ግሌነርና ዎንግ በ1984 እ.ኤ.አ. ከሕሙማን የአንጎል ደም ሥር አሚሎይዱን ለይተው አወጡት፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ትብትብም ታው ከሚባል ሌላ ፕሮቲን እንደ ተሠራ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ።

ከ1930 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ አማኑኤል

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል በኋላ ለአእምሮ ሕሙማን ተለይቶ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ወደዚያ የሚመጣው የሚጮኽ፣ የሚመታ፣ ቤተ ሰብ ያቃተው ነው፤ ዝም ብሎ የሚዘነጋው ሽማግሌ ወደዚያ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ኔዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትናንሽ ከተሞችና ወደ ጸበል ቦታዎች ወርዶ ሕሙማንን አጥንቷል፤ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ያለውን ሕመም ፍለጋ መውጣት ከእርሱና ከባልደረቦቹ ሥራ ጋር ጀመረ ማለት ይቻላል።

ከ1978 እስከ 1995 ዓ.ም.፦ የቡታጅራ ቆጠራ

የሚቀጥለው ታላቅ እርምጃ በቡታጅራ ተደረገ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰው ያለበትን ሕዝብ ለነርቭ ሕመም መረመሩ። በአፍሪካ ገጠር እንዲህ ያለ ስፋት ያለው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከዚያም በኋላ በፖሊዮ የሰለሉ እግሮች፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ነርቮች እንደሚከተሉ አሳዩ። የመርሳት ሕመም ግን ከዋናዎቹ ግኝቶች መካከል አልነበረም። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ በዚያ ዘመን ፖሊዮ ልጅን ያሽመደምድ፣ የሚጥል በሽታ ሰውን በእሳት ላይ ይጥል ነበርና፣ ዐይን የሳበው የሚታየው መከራ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በዚያው በቡታጅራ 68,378 ሰዎች ስለ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ተጠየቁ፤ በስፋቱ በዓለም ከታወቁት ጥናቶች አንዱ ነው። የተጠየቁት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ነበሩ። የተፈለጉት ሕመሞች በወጣትነት የሚጀምሩ ስለ ሆኑ ወሰኑ ትክክለኛ ነበረ፤ ነገር ግን በር ላይ ተቀምጣ ለጠያቂው መቀመጫ ያቀረበችው የሰባ ዓመት አሮጊት ስሟ በወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑት ከመቶ ከ4 በታች መሆናቸው ታውቋል፤ ከመቶ ጥቂት ቢባልም፣ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ይህ ራሱ ትልቅ ጉባኤ ነው።

ከ1995 እስከ 2005 ዓ.ም.፦ ጥያቄው ሲስተካከል

በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እየታገዘ ተጀመረ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነርቭ ሕክምናው በጥቁር አንበሳ ተከተለ። ከዚያ በፊት በሁለቱም ሙያ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ፣ በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ።

ሐኪም ሲገኝ ግን የመጠየቂያው ጉዳይ መጣ። በ1975 እ.ኤ.አ. ፎልስቲን ከጓደኞቹ ጋር ያዘጋጀው፣ ከ30 ነጥብ የሚታሰበው የአእምሮ መመዘኛ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ ነበር። ዓመቱን፣ ወቅቱን፣ ቀኑን ይጠይቃል፤ ሦስት ነገር አስጠንቶ ቆይቶ ይጠይቃል፤ እንዲሁም አንብቦ መታዘዝን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍን፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕሎች መገልበጥን ያዛል። እርሳስ በእጇ ይዛ የማታውቅ የወሎ እናት እዚህ ላይ የምታጣው ነጥብ የትምህርት ቤት እጦቷን እንጂ የአእምሮዋን ድካም አይመዝንም። ተቃራኒውም አለ። ዳዊቱን በቃሉ የሚወርድ፣ ዜማውን ሳይዛነፍ የሚያዜም መሪጌታ፣ ትናንት ማን እንደ ጎበኘው ማስታወስ ሊያቅተው ይችላል፤ በልጅነት በብዙ ድግግሞሽ የታተመው ተዘክሮ በሕመሙ መጀመሪያ ሳይነካ ይቆያልና፣ ልጆቹ «አባታችን እንኳን ሊረሳ መዝሙሩን ሁሉ ይወጣዋል» ብለው ይጽናናሉ፤ ሐኪሙም ካልተጠነቀቀ አብሮ ይሳታል።

ሰዓት ሣል የሚለውም ፈተና እንዲሁ ነው። በተለመደው አሠራር አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲሣል ይታዘዛል፤ የእኛ አረጋዊ ግን ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሲሆን፣ ከግድግዳ ሰዓቶቻችን ገሚሱ በአገር ሰዓት ገሚሱ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሞላ፣ መልሱ ተሳሳተ ከመባሉ በፊት ጠያቂው በየትኛው እንደሚያስብ ማወቅ አለበት። ቀኑንም በቁጥር ከመጠየቅ «ጾም ገብቷል ወይ? የቱ በዓል አለፈ? ቀጥሎ የሚመጣውስ?» ማለት ለእኛ እናቶች ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ጾም ሳይፈታ ቅቤ የጠየቀች ባልቴት፣ ዓመተ ምሕረት ካጣች ባልቴት ይልቅ ታሳስባለች።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በናይጄሪያ ኢባዳንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በአንድነት በተደረገው ጥናት፣ ላልተማረ ሕዝብ ተብሎ በተዘጋጀ መመዘኛ፣ ሽማግሌው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚኖረው ዘመድም ይጠየቅ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት በዓመት አዲስ የሚታመሙት በኢባዳን ከመቶ 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ ካሉት ጥቁር አሜሪካውያን ከመቶ 3.24 ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ቢለያይም ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ዘመድን የመጠየቁ ነገር ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የሚመጣውን የአእምሮ ድካም ለመለየት የወጣው፣ በአገራችን ሆስፒታሎችም ጥቅም ላይ የዋለው መመዘኛ ደግሞ ጣት በፍጥነት ማነካካትን፣ የእጅ እንቅስቃሴ በተርታ መከተልን፣ አራት ቃል ማስታወስን ብቻ የሚጠይቅ ሆኖ ፊደልን ከምርመራው አወጣ።

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ

በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንን በከተማችን ምሥራቅ ሰብስቦ፣ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩትን ያኖራል። ጥያቄው ለዘመድ የሚቀርብበት ዘዴ ዘመድ ለሌለው ሰው አይሠራም፤ ማን እንደ ነበረ፣ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ መዘንጋቱ መቼ እንደ ጀመረ የሚናገርለት የሌለው አረጋዊ ለሐኪም ከሁሉ የሚያስቸግር ሕመምተኛ ነው። አጥቦ፣ አልብሶ፣ አጉርሶ በየቀኑ የሚያየው አስታማሚ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ዘመድ ይሆንለታል፤ ለዚህም ነው የአስታማሚዎች ምስክርነት በመዝገብ መጻፍ የሚገባው።

በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ የመርሳት ሕመምን ከዋና ዋናዎቹ ጋር ጨመረው፤ ኢትዮጵያም መመሪያውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሆነች፣ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚያገለግል ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ወጣ። የአማኑኤል ቅርንጫፍ ሆኖ ለአእምሮ ሕክምና የታሰበው የካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን በተገኘ ጊዜ ለወረርሽኙ ማከሚያነት ተለይቶ፣ ምሥራቁ ያገኘው የአእምሮ ሆስፒታል ለጊዜው ሌላ ሸክም ተሸከመ።

በገርጂ በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው፣ በቦሌ አካባቢም የተበራከቱት የግል ሕክምና ቤቶች የራስ ቅልን የሚያሳየውን መሣሪያ አቅርበውታል። ልጆች፣ በተለይም ከዋሽንግተን በስልክ የእናታቸውን አነጋገር መለወጥ ያስተዋሉት፣ ገንዘብ ልከው አስቀድመው የሚጠይቁት ኤምአርአይ ነው። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ይገባል፤ ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ አሚሎይድን አያሳይም። ዋና ጥቅሙ ሊታከም የሚችለውን መለየት ነው፦ ከወደቁ በኋላ ቀስ ብሎ በአንጎል ሽፋን ሥር የተጠራቀመ ደም፣ የአንጎል ውኃ መብዛት፣ ዕጢ፣ ሳይታወቅ ያለፈ ስትሮክ። ከዚህ ጋር የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ቂጥኝና ኤች.አይ.ቪ. በደም ይፈተሻሉ፤ ዋሰርማን የከፈተው በር እስካሁን አልተዘጋም። ከሁሉ በላይ ግን በኀዘን የደነዘዘ ልብ መርሳትን መስሎ ይታያልና፣ ባሏን ከቀበረች ያልሰነበተች አሮጊት የማይመለስ ሕመም ያዛት ከመባሏ በፊት ኀዘኗ መታከም አለበት።

አሚሎይዱን በሕያው ሰው ውስጥ ማየት የተቻለው በ2002 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር በኡፕሳላ፣ ከፒትስበርግ ሊቃውንት የተገኘ ጨረር ያለው ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ በተሰጠ ጊዜ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ የታው ክር አጣጣፍ በቀዘቀዘ ናሙና ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ አልዛይመር በብር ቀለም ያየው ትብትብ ማለት ነው። ከዚያም ታው 217 የሚባለው የፎስፎረስ ምልክት ያለበት ቁራሽ በደም ውስጥ መለካት ተቻለና፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይህን ቁራሽ ከአሚሎይድ ጋር የሚያመዛዝን የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ።

ይህ የደም ምርመራ አንድ ቀን ወደ ቦሌና ወደ ኮተቤ ሲመጣ፣ ከብር ቀለሙና ከኤክስሬዩ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ መሣሪያ እንደሚሆን ተስፋዬ ጽኑ ነው፤ ፊደል አይጠይቅም፣ ሰዓት አያስሥልም። ነገር ግን ጤነኛውን ከታማሚው የሚለየው የልኬት ወሰን የተቆረጠው በሌሎች አገሮች ሰዎች ደም ላይ ሲሆን፣ የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ደግሞ አንጎሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ልኬቱ ከፍ ሊልበት ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን በጎዳባቸው የከተማችን አረጋውያን ላይ ወሰኑ እንደ ገና መፈተሽ አለበት፤ ያን ሥራ መጀመር የሚቻለውም በቡታጅራ ቤት ለቤት በተኬደበት መንገድ ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን የዕድሜው ወሰን ከ60 ዓመት ወደ ላይ ተከፍቶ።